የአንጥረኛው ሙቅቢል የቁስል ብር

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ትኩስ ሻይ እጇ ላይ ደፋች። እናቷ ቀዝቃዛ ውኃ ስታፈስላት እኔ እስከ ጥጉ ፋርማሲ ድረስ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ አንድ ነጭ ቅባት ሰጠኝ። ቤት ገብቼ መነጽሬን አጥልቄ ካርቶኑን ሳገላብጥ፣ ከረጅሙ የመድኃኒት ስም መካከል አንዲት ቃል ለብቻዋ ጎልታ ታየችኝ፤ «ፊዷ» ትላለች። ፊዷ በዐረብኛ ብር ነው፤ ገበያ የሚወጣበት ሳይሆን አንጥረኛ የሚቀጠቅጠው ብር። የልጅቱ ቁስል ቀላል ነበር፤ ቀብተንላት እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ግን ክዳኑን በእጄ እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ያን ነጭ ቅባት መጀመሪያ ያየሁበት ቀን፣ አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌ፣ የጠየቁት ጥያቄና ያገኙት መልስ፣ ሁሉም እንደ ትናንት ሆኖ መጣብኝ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። አባቴ በጨርቅ ንግድ ደሴ የከረመ የመናዊ፣ እናቴ የቃሉ ሰው ናት። ሁለቱ የመኖች አንድ ሆኑ በተባለ ሰሞን ባለቤቴ ጀማል «የአባትሽን አገር እንየው፣ የመርከብ ሞተር የሚጠግን ሰው ሥራ አያጣም» ብሎ ወደ ዐደን አመጣኝ። የገባነው ክሬተር ነው፤ በጠፋ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተሠራው አሮጌው ከተማ። ጥቁር ድንጋይ እንደ ድስት አፍ ዙሪያውን ከቦታል፣ ሰዉ ከድስቱ ውስጥ ነው። ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ከእንግሊዞቹ ዘመን በቀረ ስም «ባንካ» ይሉታል፤ መብራት ጠፍቶ ባንካው ሲቆም የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ «ላ ሐውለ» ብሎ ሲያማርር ከመስኮት መስኮት ይሰማል። ያኔ የደቡቡን ዲናርና የሰሜኑን ሪያል በአንድ ኪስ ይዘን ነበር የምንዞረው፤ አሮጊቶቹ ግን ሁለቱንም ትተው ዋጋን በሽልንግ ነበር የሚጠሩት። በጥቂት ሽልንግ ከምድጃ የወጡ አራት ሩቲ፣ ረዘም ረዘም ያሉ ዳቦዎች፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው ይሰጡን ነበር፤ ቤት ሳንደርስ አንዱ ያልቃል። ሐሙስ ከሰዓት ሴቶቹ ዲርዕ የሚባል ገላ የሚያሳይ ስስ ቀሚስ ለብሰው ላዩ ላይ ጥቁር ይደርባሉ፣ ለጸጉራቸው በክር የተሰካ፣ ፉል የሚሉትን ባለ መዓዛ ነጭ አበባ ይገዛሉ። ከካሴት ቤቱ የዑድ ድምፅ ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም ነበር። ዛሬ እዚያ ጥግ የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ የፉል አበባው ሻጭ ግን አሁንም አለ። ልጁ ይሁን የልጅ ልጁ እንጃ፣ ፊቱ ያው ነው።

የተከራየነው ሰፈሩ «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ የሚላቸውን የሙቅቢልን ቤት ፎቅ ነበር። ዓሚ ሙቅቢል ብር አንጥረኛ ናቸው፤ ምድር ቤቱ መሥሪያቸው፣ ከጀርባው አንዲት ክፍል ደግሞ ብቻቸውን የሚኖሩባት። ሚስታቸው ሰልማ እኛ ከመምጣታችን በፊት ሞታለች፣ ልጅ አልነበራቸውም። በወጣትነታቸው አጎታቸው ዘንድ ድሬዳዋ ሠርተው ስለነበር አማርኛ ይናገራሉ፤ «ያ ቢንቲ»፣ ልጄ ሆይ፣ ብለው ይጀምሩና ወሬውን በድሬዳዋ አማርኛ ይጨርሱታል። ቀጭን ሰው ነበሩ። ሽርጣቸው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ጣቶቻቸው ግን ከብሩ የተነሣ ዘላለም ጠቋራ። አምባርና የሴት መቀነት ይሠሩ ነበር፤ ክሬተር የሚያውቃቸው ግን በሌላ ነው። ብር ቁስል እንዳያመግል ይከለክላል ብለው ያምናሉ፤ ሰዉም ያምንላቸዋል። የጠራ ብር በቆዳ መካከል አድርገው በመዶሻ ሲቀጠቅጡት ይውላሉ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ እስትንፋስ የሚያርገበግበው ሲሆን በፈላ ውኃ አጥበው በትንሽ ሳጥን ያስቀምጡታል። እጁ የተቆረጠ ዓሣ አጥማጅ፣ ሚስማር የወጋው አናጢ ይመጣል፤ ቁስሉን በጨው ውኃ አጥበው ያችን ስስ ብር ይለጥፉለታል፣ በንጹሕ ጨርቅ ያስሩለታል። ዋጋ አይቀበሉም፤ «ለቁስል የተሰጠ ብር አይሸጥም» ይላሉ። ብዙ ሰው ሲድን በዓይኔ አይቻለሁ። ብሩ ይሁን ያዳነው፣ የጨው ውኃው ይሁን፣ ንጹሕ ጨርቁ፣ እኔ መለየት አልችልም።

ለኔ ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ቃሉ ውስጥ አያቴ የሕፃን ጆሮ ሲበሳ በብር ካልሆነ ያመግላል ትል ነበር፤ ወተት እንዳይበላሽም ጠገራ ብር ትጥልበታለች። ትልቋ ልጄ ዐደን ስትወለድ ጆሮዋን የበሱልኝ ዓሚ ሙቅቢል ናቸው፤ ቀጭን የብር ቀለበት አጠለቁላት፣ በሳምንቱ ደረቀ። የመጠጥ ውኃ የምናቀዘቅዝበት የሸክላ ጋን ውስጥ እንድጥለውም አንድ ጠገራ ሰጡኝ፣ «ይሄ ካለ ትል አይኖርም» ብለው። ጠገራውን ጣልኩ፣ ውኃውን ግን አስቀድሜ አፈላው ነበር። አንድ ቀን ድስቱ እሳት ላይ ሲንፈቀፈቅ ደረሱብኝ። አፈርኩ። እሳቸው የጋኑን ክዳን አንሥተው አዩ፣ ጠገራው ታች ተኝቷል፤ «ሁለቱም ይሁኑ» ብለው ወረዱ። እንዲያ ያለ ሰው ናቸው። ስለዚህ ኋላ ከራሳቸው አፍ የሰማሁትን ማመን ከበደኝ።

የሰሜንና የደቡብ ወንድማማቾች የተታኮሱበት ክረምት አልፎ፣ ከተማው መልሶ መሳቅ በጀመረ ጊዜ ነው። ከአገራችን ልጆች በጀልባ እየተሻገሩ ይመጡ ነበር፤ አብዛኞቹ የገጠር ልጆች፣ ሐሳባቸው ሳዑዲ፤ እስከዚያው ግን ዐደን ውስጥ ሰሃን ያጥባሉ፣ መኪና ያጥባሉ፣ ሰው ቤት ያበስላሉ። ከእነሱ አንዷ ዘሐራ ትባላለች። የከሚሴ ልጅ፣ ሃያ ያልሞላት፣ ረጅም፣ ስትናገር አንገቷን የምትሰብር። አንድ ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ሁለት ጓደኞቿ በታክሲ አምጥተው፣ በግራና ቀኝ ደግፈው የዓሚ ሙቅቢል መሥሪያ ውስጥ አስገቧት። ምግብ በምትሠራበት ቤት የጋዝ ምድጃው ነዶባት ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተቃጥላለች። ሦስት ቀን ሆኗታል። የቤቱ ሰዎች መጀመሪያ የጥርስ ሳሙና ቀቡላት፣ ቀጥሎ የተፈጨ ቡና ነሰነሱላት፣ በሦስተኛው ቀን ሽታው ሲበዛባቸው እንድትወጣ ነገሯት። ጓደኞቿ «ክሬተር ቁስል በብር የሚያድኑ ሽማግሌ አሉ፣ ወረቀት አይጠይቁም» ሲባል ሰምተው ነው።

ዓሚ ሙቅቢል ጠሩኝና ወረድኩ። ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ጨርቁን እኔ ስፈታላት ጥርሷን ነክሳ ግድግዳውን ታያለች። ዓሚ ሙቅቢል አጎንብሰው ብዙ አዩ። ሳጥኑን ከመደርደሪያ አወረዱ፣ ከፈቱት፤ ያን ስስ ብር አየት አደረጉና መልሰው ዘጉት።

«ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» አሉ። «ሐኪም ቤት ነው።»

ዘሐራ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ሐኪም ቤት ከሄደች ወረቀት እንደሚጠይቋት፣ ወረቀት ከሌላት እንደሚይዟት፣ ከያዟት እንደሚመልሷት፣ ለመንገዱ አባቷ በሬ እንደሸጠ ተናገረች። «አባባ፣ ብሩን ያድርጉልኝ እንጂ እኔ እችለዋለሁ» አለቻቸው። ጓደኞቿም ለመኑ። እኔም ቀስ ብዬ፣ ለዛሬ እንኳ ቢያደርጉላት አልኩ። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ዓሚ ሙቅቢል ከዱካቸው ላይ ተቀመጡ። ውጭ የሚያልፈው ሰው እንዳይሰማ ነው መሰለኝ በአማርኛ ጀመሩ፤ ቃል ሲጠፋቸው ብቻ ወደ ዐረብኛ ይሻገራሉ። ሰልማ ስኳር ነበረባት አሉ። አንድ ቀን ጠጠር ይሁን ጫማ፣ ከእግሯ ጣት ሥር ትንሽ ተላጠች። እሳቸው በየማለዳው አጥበው ብር ይለጥፉላታል። ቁስሉ አልደረቀም፤ ብሩን አበዙ። ኑሪያ የምትባል እህቷ ከዳር ሰዓድ እየተመላለሰች ሐኪም ቤት እንውሰዳት አለች። አንድ ጊዜ በለሆሳስ፣ ሁለተኛ ጊዜ በልቅሶ። በሦስተኛው ጊዜ ጎረቤት አስከትላ ስትመጣ፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው «በዚህ ቤት ሐኪሙ እኔ ነኝ» ብለው መለሷት። ሰልማ ትኩሳት ይዟት መዘባረቅ ስትጀምር ነው ተሸክመው የወሰዷት። በአራተኛው ቀን ቀበሯት። ኑሪያ ከቀብሩ በኋላ ደጃቸውን አልረገጠችም፤ ዘጠኝ ዓመት ሆናት።

ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የሥራ ነገር የሚያስረዱ ይመስሉ ነበር። ሲጨርሱ ወደ ዘሐራ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ ያን ጊዜ ያመንኩት ብሩን አልነበረም፤ እጄን ነው ያመንኩት። አንቺን ዛሬ እዚህ ካስቀረሁሽ ሁለተኛዬ ነሽ።»

ዘሐራ ፊቷን በሻርፗ ጠረገች። «ማን ነኝ ልበላቸው?» ብላ ጠየቀች።

«የሙቅቢል ልጅ በይ።»

ታክሲው ሄዷል፤ ጎረቤታችን ድሬወሉ፣ ማለት ሾፌሩ፣ ምሳውን ትቶ ተነሣልን። የሐኪም ቤቱ ጸሐፊ ዘሐራን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ደግሞ ዘሐራን አየ። «ልጄ ናት» አሉት። ከጆሮው እስክሪብቶ አወጣና ጻፈ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀም። አላህ ይስጠው፣ ስሙን እንኳ አላወቅሁም።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ እጅጌዋን ጠቅልላ ያን ሁሉ ቡናና የጥርስ ሳሙና ስታጥብ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ለሕመሙ መርፌ ወግታታለች፤ ያም ሆኖ ዘሐራ እጄን ጨብጣ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ ሐኪሟ ከትልቅ ዕቃ ነጭ ቅባት እየዛቀች እንደ ቅቤ ወፍራም አድርጋ ቀባቻት። ዓሚ ሙቅቢል ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሐኪሟ ቀና ሳትል፣ ለቃጠሎ የሚሆን ብር ያለበት ቅባት ነው፣ ቁስሉ እንዳያመግል ይጠብቃል አለች። ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው ከዕቃው ክዳን ላይ የቀረውን በጣታቸው ነካ አደረጉ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት፣ አሸተቱት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተናገሩትን አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ስትደግምላቸው ሰምተዋል እኮ። ፊታቸው ግን ደም አልነበረውም።

ማሰሪያው እስኪያልቅ ጠብቀው የሰልማን ነገር ነገሯት፤ እንዴት እንደጀመረ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ስኳሩን። ይህ ቅባት ያን ጊዜ ቢኖረኝ ትድን ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። ልትሸነግላቸው ትችል ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የሞተችው ሞታለች። ተቀመጡ አለቻቸው፣ እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሐጂ፣ ብር ቁስልን ከላይ ነው የሚጠብቀው። የባለቤትዎ ሕመም ከሥር ነበር። ስኳሩ መውረድ ነበረበት፣ የሞተው ሥጋ መነሣት ነበረበት። ይሄ ቅባት ብቻውን አያድናትም ነበር።»

«በጊዜ ባመጣትስ?»

«ምናልባት እግሯ ይቆረጥ ነበር» አለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ለመናገር አልደፈረችም።

«እሷ ግን ትኖር ነበር» አሉ ዓሚ ሙቅቢል።

ሐኪሟ አንገቷን ደፋች። «አላህ ያውቃል» አለች፣ እጇን ክንዳቸው ላይ አድርጋ።

ዘሐራ ከሁለት ወር በላይ ተኛች። ዓሚ ሙቅቢል አንድ ቀን እያለፉ ወተትና ቴምር ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ነርሶቹ ከልብ አባቷ ያደርጓቸው ጀመር። እግሯ ዳነ፤ ቆዳው የሚያብረቀርቅና የተሸበሸበ ሆኖ ቀረ እንጂ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እኛ ቤት ጥቂት ወራት ተቀምጣ፣ ከእኔ ጋር ልብስ ስትሰፋ ቆይታ፣ ብንለምናትም መንገዷን ቀጠለች። ከሳዑዲ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ብዙ ዓመት ሠርታ ተመለሰች፣ ዛሬ ኮምቦልቻ ሱቅ አላት። ለዒድ ትደውልልኛለች። ዓሚ ሙቅቢልም የሕፃን ጆሮ መብሳቱን፣ ጠገራ ለጋን መስጠቱን አልተዉም፤ ቁስል ይዞ የመጣን ሰው ግን ሳጥኑን ከመክፈታቸው በፊት «ስኳር አለብህ?» ይሉት ጀመር፤ ቁስሉ ከጠለቀ ደግሞ ራሳቸው መኪና ያስቆሙለታል። ሰዉ ሸመገሉ፣ ፈሩ እያለ ያማቸው ነበር።

ዘሐራ ገና ሐኪም ቤት ሳለች ነው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዓሚ ሙቅቢል ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጢማቸውን አስተካክለው ደረጃው ሥር ቆመው ጠሩኝ። ዳር ሰዓድ አብሬያቸው እንድሄድ ፈለጉ። «ብቻዬን ከሄድኩ ኑሪያ በሩን አትከፍትልኝም» አሉ። ሚኒባስ ተሳፈርን። ዳር ሰዓድ የከተማው ሰሜን ጫፍ ነው፣ ወደ ላሕጅ የሚወስደው መንገድ፤ ግራና ቀኙ ሐብሐብ ሻጭ፣ ጎማ ለጣፊ፣ ጣሪያቸው በድንጋይ የተጫነ ዝቅተኛ ቤቶች። መንገዱን ሁሉ የገዙትን አንድ ኪሎ ወይን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ላስቲኩን ሲያስሩና ሲፈቱ ደረስን።

በሩን የከፈቱት ኑሪያ ራሳቸው ናቸው፣ ኋላ «ኻላ»፣ አክስቴ፣ የምላቸው፤ ወፍራም፣ ፊታቸው ሰፊ፣ ስልሳ ሊሞላቸው የቀረበ ሴት። እኔን አይተው «አህለን» አሉ። ከኋላዬ ያሉትን ሲያዩ እጃቸው በሩ ላይ ቀረ። ቢሆንም በዚያ ሙቀት እንግዳ ሴት ከደጅ አይመልሱም፤ ገለል አሉልን። ዓሚ ሙቅቢል አልተቀመጡም። ወይኑን እንደያዙ ምንጣፉ ዳር ቆመው ተናገሩ።

«ኑሪያ፣ ያኔ አንቺ ልክ ነበርሽ። ሐኪም ጠይቄ ነው የመጣሁት። በጊዜ ብወስዳት ትኖር ነበር። ይቅር በዪኝ ልልሽ አይደለም፤ ይሄን ከእኔ አፍ መስማት ይገባሻል ብዬ ነው።»

ኻላ ኑሪያ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። ዘወር ብለው ውኃ ሊያመጡልን ወደ ጓዳ ሄዱ። ሲሄዱ ቀኝ እግራቸውን በተረከዝ ብቻ ነበር የሚረግጡት። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር፤ ሰውዬው አስተዋሉ። ወይኑን መሬት አኖሩ።

«እግርሽን ምን ሆንሽ?»

ከጓዳ ውስጥ፣ ጫማ በልቶኝ ነው የሚል መልስ መጣ። ስኳር አለብሽ እንዴ ሲሏቸው እንዳልሰማ ሆነው ተመለሱ፤ ውኃውን ለእኔ ብቻ ሰጡኝ። ቁስሉን እንዳየው ለመንኳቸው። ለሳቸው አላሳይም አሉ፤ ዓሚ ሙቅቢል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጨርቁን ፈታሁ። ትንሿ ጣት ጫፏ ጠቁሯል፣ አጠገቧ ያለችው አብጣለች። ዘሐራን ባመጡልን ቀን የሸተተኝ ሽታ ነው። ስኳሩ ከታወቀ አራት ዓመት፣ ቁስሉ ከወጣ ሦስት ሳምንት። ለልጆቻቸውም አልተናገሩም።

ለእህትዎ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ብለው ሲጮኹ የነበሩት እርስዎ እንዴት ዝም ይላሉ አልኳቸው። ያኔ ነው ዕንባቸው የመጣው።

«ይቆርጡኛል» አሉ። «እሷ ቢያንስ በሙሉ እግሯ ተቀብራለች።»

ዓሚ ሙቅቢል ከግድግዳው ዞሩ። ለዓመታት ባልተጠጓቸው ሴት ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት።

«ኑሪያ፣ ሦስት ጊዜ መጥተሽ መለስኩሽ። እኔን አንድ ጊዜ አትመልሺኝ። ተነሺ።»

ኻላ ኑሪያ ወደ እኔ ዞረው ጥቁር መደረቢያቸውን ከምስማሩ ላይ እንዳቀብላቸው ነገሩኝ።

ኻላ ኑሪያ ኋላ ሁለት ጣታቸውን አጡ፤ እግራቸውን አላጡም። ከዚያ በኋላ አሥራ ምናምን ዓመት ኖሩ፤ ዓሚ ሙቅቢልንም የቀበሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚታየኝ የዚያን ቅዳሜ የሐኪም ቤቱ መስኮት ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር። ኻላ ኑሪያ የታመመ እግራቸውን ባዶውን አንሥተው በእኔ ትከሻ ተደግፈዋል፤ ዓሚ ሙቅቢል የኻላ ኑሪያን የቀኝ እግር ነጠላ ጫማ በሁለት እጃቸው ይዘው ከኋላ ቆመዋል። ተራችን ሲደርስ ጸሐፊው ስማቸውን ጻፈ፣ ዕድሜያቸውን ጻፈ፣ ከዚያ በእስክሪብቶው ወደ ሽማግሌው እያመለከተ እኚህ ሰው ምንዎ ናቸው ብሎ ጠየቀ። ዓሚ ሙቅቢል ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ምን እንደሚሉ እንዳላወቁ ያስታውቃል። ኻላ ኑሪያ ወደ ኋላ ሳይዞሩ መለሱ።

«የእህቴ ባል ነው» አሉ።